«ወደ ቤት ውሰዱት» ከመባሉ በፊት

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው አማኑኤል ከተማ፣ ወይም በዙሪያዋ ካሉት ቀበሌዎች በአንዱ የሚኖር አንድ ቤተሰብ ለምሳሌ እንውሰድ። አባወራው ጎልማሳ ገበሬ ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከመኝታው ሲነሳ ራሱን አጥብቆ ያመዋል፤ ያስመልሰዋልም። ከዚያ በፊት ታይቶበት የማያውቅ የሚጥል ሕመም መጣበት። ጠባዩም ተለወጠ፤ ታጋሹ ሰው በትንሽ በትልቁ የሚቆጣ ሆነ። አንዱ ጎረቤት «ለክፎት ነው» ሲል ሌላው «አእምሮውን ነው የታመመው» አለ። ቤተሰቡ የሚችለውን ሁሉ ከሞከረ በኋላ ከጤና ጣቢያ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ከደብረ ማርቆስም በሪፈር የዓባይን በረሃ ተሻግሮ አዲስ አበባ ገባ። ምርመራው የአንጎል ዕጢ መሆኑን አሳየ።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን አንባቢ መገመት አያቅተውም። ወረፋ ይጠበቃል፤ ለመጓጓዣና ለማረፊያ በሬ ይሸጣል። ቀዶ ሕክምናው ተደርጎ ወይም ሳይደረግ ቀርቶ፣ አንድ ቀን «ከዚህ በላይ የምናደርግለት ነገር የለም፤ ወደ ቤት ውሰዱት» የሚል ቃል ይሰማል። ሚስትየው ራሱን ያልቻለ ሰው፣ በፌስታል የተቋጠሩ ክኒኖችና ያልተመለሱ ጥያቄዎች ይዛ ትመለሳለች። ቢጥለው ምን ላድርግ? ውኃ ትን ቢለው? ክኒኑ ሲያልቅስ? የሚነግራት የለም።

የዛሬው መልእክታችን አጭር ነው። ለአንጎል ዕጢ ሕሙማንና ለአስታማሚዎቻቸው የሚያስፈልገው የፓሊየቲቭ ኬር ድጋፍ መጀመር ያለበት «ወደ ቤት ውሰዱት» በተባለበት ቀን ሳይሆን ሕመሙ በታወቀበት ቀን ነው።

ፓሊየቲቭ ኬር ስንል ስቃይን የማስታገስና ሕመምተኛውን ከነቤተሰቡ የመደገፍ ሕክምና ማለታችን ነው። ሕመምን፣ ማስመለስን፣ መንፈራገጥን፣ ጭንቀትንና የእንቅልፍ ማጣትን ያክማል፤ የቤተሰቡን ችግርና የሕመምተኛውን መንፈሳዊ ፍላጎትም ከሕክምናው አይለይም። ብዙ ሰው «ተስፋ ለተቆረጠበት የሚሰጥ» ይመስለዋል። ይህ ስሕተት ነው። ከቀዶ ሕክምና፣ ከጨረርና ከካንሰር መድኃኒት ጋር ጎን ለጎን ይሰጣል። ደግሞም የአንጎል ዕጢ ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ የሚድን ብዙ አለ። የሚድነውም ቢሆን እስኪድን ድረስ ራሱን ያመዋል፤ አስታማሚውም ይደክማል።

ቀድሞ መጀመር የሚያመጣው ለውጥ በጥናት ታይቷል። እ.አ.አ በ2010 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት የተስፋፋ የሳንባ ካንሰር ያለባቸውን 151 ሰዎች በሁለት ከፍሎ ተመልክቶ ነበር። ከመደበኛው ሕክምና ጋር ፓሊየቲቭ ኬር ገና ከጅምሩ የተሰጣቸው ኑሯቸው የተሻለ፣ የመንፈስ ጭንቀታቸውም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በሕይወት የቆዩበት ጊዜ መካከለኛው 11.6 ወር ሲሆን፣ መደበኛውን ሕክምና ብቻ ያገኙት ግን 8.9 ወር ነበር። ይህ የሳንባ ካንሰር ጥናት እንጂ የአንጎል አይደለም፤ ስለ ዕድሜ የተገኘውን ውጤት እንዳለ ወስደን ለአንጎል ዕጢ ቃል መግባት አንችልም። ሆኖም የአውሮፓ የነርቭ ካንሰር ሐኪሞች ማኅበር እ.አ.አ በ2017 ባወጣው መመሪያ ከአንጎል ዕጢዎች ክፉ ለሆኑት የፓሊየቲቭ ኬር ድጋፍ በጊዜ እንዲታሰብ መክሯል።

የአንጎል ዕጢ ከሌሎች ሕመሞች ይልቅ መቅደምን የሚጠይቅበት የራሱ ምክንያት አለው። ሌላው ካንሰር ብዙ ጊዜ አካልን አድክሞ አእምሮን እስከ መጨረሻው ይተዋል። የአንጎል ዕጢ ግን ንግግርን፣ ማስታወስንና ማመዛዘንን ሊወስድ ይችላል። ግሊዮብላስቶማ የተባለው ክፉው ዓይነት ሙሉ ሕክምና ተደርጎለትም የብዙዎች ዕድሜ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ሰውየው አጥርቶ የሚናገርበት ጊዜ ያነሰ ነው። የት መታከም ይፈልጋል? ማን እንዲወስንለት ይሻል? መሬቱን፣ ዕዳውን፣ የልጆቹን ነገር እንዴት አሰበ? የነፍስ አባቱን መቼ ማግኘት ይፈልጋል? እነዚህ ጥያቄዎች ዛሬ ካልተጠየቁ ነገ የሚመልሳቸው ላይኖር ይችላል።

እዚህ ላይ ባህላችንን በቅንነት መመርመር ያስፈልጋል። መርዶን እንኳ በወጉ፣ በሰዓቱ፣ በሽማግሌ የምናረዳ ሕዝብ ነን። በመሆኑም ክፉ ዜና ለሕመምተኛው ሳይሆን ለወንድም ወይም ለልጅ ተነግሮ፣ ባለቤቱ ሳያውቅ ይቀራል። ዓላማው ርኅራኄ ነው። ውጤቱ ግን ሰውየው በገዛ ሕይወቱ ላይ ሳይመክር ድምፁን ማጣቱ ነው። ሁሉም ሰው ሁሉንም ማወቅ ይፈልጋል ማለት አይደለም። «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል እንዲነገርዎ ይፈልጋሉ? ከማን ጋር ሆነው መስማት ይሻሉ?» ብሎ መጠየቅ ግን ወጋችንን አያፈርስም፤ የሕመምተኛውንም ክብር ይጠብቃል።

ሌላው ጉዳይ የጠባይ ለውጡ ነው። በአገራችን «አማኑኤል» የሚለው ስም ሲጠራ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው አዲስ አበባ ያለውን የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነው። ቁጣ፣ ዝምታ ወይም እፍረት ማጣት ሲታይ ዕጢ መሆኑን የሚጠረጥር ጥቂት ነው። አስታማሚም «ጠላኝ፣ ተለወጠብኝ» ብላ ልቧ ይሰበራል። ስድቡ የሰውየው ሳይሆን የሕመሙ መሆኑን ባለሙያ ቀድሞ ቢነግራት ከሸክሟ እኩሌታው ይቀልላት ነበር። የአእምሮ ሕመምም ቢሆን እንደማንኛውም ሕመም የሚታከም እንጂ የሚያሳፍር አይደለም።

ለመሆኑ አስታማሚዎች ቤት ውስጥ ምን ማወቅ አለባቸው? ዋና ዋናዎቹን እንጥቀስ።

ሕመምተኛው ሲጥለው በጎኑ አስተኙት፤ ከራሱ በታች ለስላሳ ነገር አድርጉ፤ አንገቱ ላይ የጠበቀ ነገር ካለ አላሉ። በአፉ ማንኪያም ሆነ እንጨት አታስገቡ፤ ክብሪት ለኩሶ ማሽተትም አይጠቅምም። መንፈራገጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። የሚጥለው ሰው ከምድጃ፣ ከወንዝና ከገደል አፋፍ ይራቅ፤ ብቻውን በበቅሎ አይጓዝ። አረቄና ሌላ የአልኮል መጠጥም ይቅርበት።

ለአንጎል እብጠት የሚታዘዘው ዴክሳሜታዞን ራስ ምታቱንና ማስመለሱን ቶሎ ስለሚቀንስ ሰው ይወደዋል። ከምግብ ጋር፣ በሐኪሙ ትእዛዝም በአብዛኛው ጠዋት ይወሰዳል፤ ማታ ከተወሰደ እንቅልፍ ይነሳል። ስኳርን ከፍ ሊያደርግና ጨጓራን ሊጎዳ ይችላል። ከሁሉ በላይ ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ በድንገት አይቋረጥም። የሚጥልን ሕመም የሚከላከለው መድኃኒትም እንዲሁ ነው። ክኒኑ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ጠበል የሚገባ ሕመምተኛ መድኃኒቱን ይዞ ይግባ። በኤችአይቪ ዘመን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አባቶች ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ አስተምረው ብዙ ሕይወት አትርፈዋል፤ ትምህርቱ ለዚህም ይሠራል። በጾም ወቅትም ክኒኑን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማቆየት አደጋ አለው። የታመመ ሰው ስለ ጾሙ ከነፍስ አባቱ ጋር ይመካከር።

መዋጥ ሲያስቸግረው ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ አገጩን ወደ ደረቱ ዝቅ ያድርግ። እንደ ውኃ ከቀጠነ ነገር ይልቅ ወፈር ያለ አጥሚት ብዙ ጊዜ ትን የማለት ዕድሉ ያነሰ ነው። እያንቀላፋ ወይም ተኝቶ አታጉርሱት። አልጋ ላይ የዋለ ሰው የአልጋ ቁስል እንዳያወጣ በየ2 ሰዓቱ ይገላበጥ፤ ቆዳው ንጹሕና ደረቅ ይሁን።

ስለ ሞርፊን ደግሞ የተሳሳተ ፍርሃት አለ። ሐኪም በልኩ ያዘዘው ሞርፊን ሞት አያፋጥንም፤ ለከባድ ሕመም በአግባቡ የወሰደውንም ሰው ሱሰኛ የሚያደርገው ከስንት አንዴ ነው። የሆድ ድርቀት ስለሚያመጣ ግን ማለስለሻ አብሮ እንዲታዘዝ ጠይቁ።

ይህን ሁሉ አንዲት ሚስት ወይም ከትምህርት ገበታዋ የቀረች አንዲት ልጅ ብቻዋን ልትሸከመው አትችልም። ሌሊቱን ስትገላብጥ አድራ ቀን ከብትና ማሳ የምትጠብቅ አስታማሚ እርሷም ትታመማለች። ጎጃም የወንፈል አገር ነው። ለአጨዳና ለአረም ተራ ገብቶ የሚረዳዳ ገበሬ ለማስታመምም ተራ ሊገባ ይችላል። እድራችን ድንኳን የሚተክለው፣ ንፍሮ የሚቀቅለው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ከዚያ ጉልበትና ገንዘብ ጥቂቱን በሕይወት ላለው ሰው ቢያውል ምን ይከለክለዋል? በሳምንት ሁለት ሌሊት የሚያድር ጎረቤት፣ ወደ ሆስፒታል የሚያደርስ የመጓጓዣ ብር፣ የሚታረስለት ማሳ ከለቅሶው ድንኳን ያላነሰ ክብር ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት ለዚህ ይሠራል።

የኅብረተሰቡ ርኅራኄ ግን የመንግሥትን ድርሻ አይተካም። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.አ.አ በ2014 አባል አገሮች ፓሊየቲቭ ኬርን ከጤና ሥርዓታቸው ጋር እንዲያዋሕዱ ወስኗል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በየዓመቱ 56.8 ሚሊዮን ሰዎች ይህ አገልግሎት ያስፈልጋቸዋል፤ የሚያገኙት 14 በመቶ ያህል ብቻ ናቸው። በአገራችንም መሠረቱ አለ። ጤና ሚኒስቴር ብሔራዊ የፓሊየቲቭ ኬር መመሪያ አዘጋጅቷል። ሆስፒስ ኢትዮጵያ እ.አ.አ ከ2003 ጀምሮ በአዲስ አበባ ሕሙማንን ቤታቸው ድረስ እየሄደ ሲንከባከብ ቆይቷል። ማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲም ከክልል ለሕክምና ለሚመጡ ችግረኞች ማረፊያ በመስጠት ይታወቃል። ችግሩ ይህ መልካም ሥራ ከዋና ከተማዋ ርቆ አማኑኤል ለመድረስ መንገዱ መርዘሙ ነው። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ራሱን ለሚያመው ሰው ደግሞ የዓባይ ቁልቁለትና ዳገት ከዚያም ይረዝማል።

ስለዚህ መንገዱን ሕመምተኛው ብቻ ሳይሆን አገልግሎቱም ሊጓዘው ይገባል። በመጀመሪያ፣ የአንጎል ዕጢ ሕክምና የሚሰጡ ሆስፒታሎች ሕመምተኛን ሲያሰናብቱ ለአካባቢው ጤና ጣቢያ የሚሆን ግልጽ ደብዳቤ ይስጡ፤ ምን መድኃኒት፣ እስከ መቼ፣ ምን ሲታይ ወዴት እንደሚሄድ፣ የትኛው ስልክ ቁጥር እንደሚደወል ይጻፍበት። ሁለተኛ፣ የደብረ ማርቆሱን በመሰሉ ሪፈራል ሆስፒታሎች ሥራው ተለይቶ የተሰጠው፣ በፓሊየቲቭ ኬር የሠለጠነ ሐኪምና ነርስ ይኑር፤ ሞርፊንና የሚጥል ሕመም መድኃኒትም አይጥፋ። ሦስተኛ፣ እ.አ.አ ከ2003 ጀምሮ የየቤቱን ደጃፍ የምታውቀው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ማገላበጥን፣ ማጉረስንና የአደጋ ምልክቶችን ለአስታማሚዎች እንድታስተምር ትሠልጥን። ለዚህ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሥልጠና፣ ያልተቋረጠ የመድኃኒት አቅርቦትና ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው ነው።

እናንተም አንባቢዎቻችን፣ በቤታችሁ ጠዋት የሚብስ አዲስ ራስ ምታት ከማስመለስ ጋር፣ በጎልማሳነት የጀመረ የሚጥል ሕመም፣ የአንድ ወገን መድከም፣ የእይታ ወይም የንግግር ለውጥ ያለበት ሰው ካለ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ዕጢ መሆኑ ከታወቀ ደግሞ በዚያው ዕለት ሐኪሙን «ስቃዩን ማን ይከታተልለታል? እኛስ ቤት ውስጥ ምን እናድርግ? ለማን እንደውል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ሳትይዙ አትውጡ። በሽታውን ማዳን የማይቻልበት ጊዜ ይመጣ ይሆናል፤ ለሕመምተኛው የሚደረግለት ነገር የሚጠፋበት ቀን ግን የለም።