በደቂቃ አንድ ጠብታ

በዚህ ዓምድ ስለ ምሳ ዕቃ፣ ስለ ዕቁብና ስለ ቤት ኪራይ ስናወራ ቆይተናል። የዛሬው ጉዳያችን የሞተር ሳይክል ካቴና ነው። «ካቴናን ከቤተሰብ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ካለ ሐዋሳ ይምጣና ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ስንት አባወራ ሞተሩን አስነስቶ ከግቢ እንደሚወጣ ይቁጠር። የእኛ ቤት አባወራም ከእነሱ አንዱ ነው። ሥራው ይርጋለም፣ አንዳንዴም ሀገረ ሰላም ድረስ ያስኬደዋል።

የደረቀ ካቴና መጀመሪያ የሚበላው ገንዘብ ነው። ራሱም ያልቃል፣ የሚዞርባቸውን ባለጥርስ ክቦችም ይዞ ያልቃል፤ ሦስቱ ደግሞ አብረው ካልተቀየሩ አዲሱ በአሮጌው ቶሎ ይበላሻል። ገንዘቡ ግን ትንሹ ነገር ነው። ያለቀና የላላ ካቴና ከጥርሱ ላይ ሊወጣ፣ ወጥቶም የኋላውን ጎማ ሊቆልፍ ይችላል። ይህ ከይርጋለም ሲመለስ በ70 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቢሆን ብዬ ማሰብ አልፈልግም፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ግን አስባለሁ።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው፦ ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ዝናብና አቧራ ካለም ከዚያ ቀድሞ፣ ካቴናውን ጠርጎ ዘይት መቀባት። ችግሩ ቅዳሜ ከሰዓት ልጅ «አባዬ ሐይቁ ጋ እንሂድ» ሲል ማን ካቴና ይጠርጋል? ይህን ያወቀ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ እሱም ለንደን ሞተር የሚነዳ፣ በሰው እጅ አንድ ትንሽ ሣጥን ላከ። ውስጡ ካቴናን በራሱ የሚቀባ መሣሪያ ነበር። እንግሊዞች በዚህ ነገር ቆይተውበታል፤ ዝናቡና በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው አስገድዷቸው ነው። ስመ ጥሩ ስኮትኦይለር ግላስጎው አጠገብ የሚሠራ ሲሆን በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የተጀመረ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ትንሽ የዘይት ጠርሙስ አለችው። ከጠርሙሷ ወደ ሞተሩ አየር መሳቢያ የሚሄድ አንድ ቀጭን ቱቦ፣ ወደ ኋላ ጎማ የሚወርድ ሌላ ቀጭን ቱቦ አለ። ሞተሩ ሲነሣ አየር የሚስብበት ኃይል በጠርሙሷ ውስጥ ያለውን መክደኛ ከፍ ያደርጋል፤ ዘይቱም በራሱ ክብደት ይወርዳል። ሞተሩ ሲጠፋ መክደኛው ይዘጋል። ባትሪ የለውም። በኤሌክትሪክ የሚሠሩና ሞተሩ ሲንቀሳቀስ ብቻ የሚያንጠባጥቡም አሉ፤ የእኛው ግን መብራት ላይ ቆሞም ያንጠባጥባል።

ሙያዬ ማርኬቲንግ ነውና «ገጥመህ እርሳው» የሚል ቃል ሳይ ፈገግ እላለሁ። እንዲህ ያለ ቃል እኛው ነን የምንጽፈው። መሣሪያው ካልተስተካከለ ወይ ካቴናው ይደርቃል፣ ወይ ቸርኬው በዘይት ይታጠባል።

ማስተካከያው ጠርሙሷ ላይ ያለች የምትዞር ቁልፍ ናት። መጀመሪያ ቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ እስኪጠፋ ድረስ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ከፍቶ ማውረድ ያስፈልጋል፤ አረፋ ካለ ቆጠራው ሁሉ ውሸት ይሆናል። ከዚያ ሞተሩን በሁለት እግሩ አቁሞ፣ ማርሹን ነጻ አድርጎ ማስነሳት። ከቱቦው ጫፍ ሥር ነጭ ወረቀት ዘርጉና በስልካችሁ ሰዓት ቁጠሩ። ለመነሻ የሚሆነው በደቂቃ አንድ ጠብታ ነው። እኛ ቤት ቆጣሪዋ እኔ ነበርኩ። አንድ ደቂቃ ብቻ ቆጥሮ መተው አይበቃም፤ አምስት ደቂቃ ቆጥራችሁ ለአምስት ብታካፍሉት እውነቱ ይገኛል። በመጨረሻም ሞተሩን አጥፍታችሁ ጠብታው መቆሙን እዩ። ካልቆመ መክደኛው አልተዘጋም ማለት ነውና ጠዋት ሴራሚኩ ላይ ኩሬ ታገኛላችሁ።

ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ ዳኛው ካቴናው ራሱ ነው። ሦስት አራት ቀን ከተነዳ በኋላ ሞተሩን አጥፍታችሁ ካቴናውን በጣት ንኩት። ስስ የዘይት ሽፋን ካለ ልክ ነው። ደርቆ የሚያብለጨልጭ ወይም ቀላ ያለ ዝገት የጀመረው ከሆነ ቁልፏን በትንሹ ክፈቱ። ቸርኬው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ከተረጨ ዝጉት። በአንድ ጊዜ ብዙ ማዞር አያዋጣም፤ አንድ እርምጃ አዙሮ ጥቂት ቀን መጠበቅ ይሻላል። የወንዶች ትዕግሥት የሚያልቀው እዚህ ጋ ነው።

ሌላው የአየሩ ጠባይ ነው። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ሲበርደው ይወፍራል። ሐዋሳ በቀትር ልክ የነበረው ቁጥር ባለቤቴ ሀገረ ሰላም ሲወጣ፣ ያ ብርድ ሲይዘው፣ ጠብታው ይዘገያል። ወደ አርባ ምንጭ ለሚወርድ ሰው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ያው ቁጥር ዘይቱን ያፈሰዋል። ስለዚህ ሞተሩ ብዙ ጊዜ በሚነዳበት ሰዓትና ቦታ መቁጠር ይሻላል። በክረምት ዝናቡ ካቴናውን ስለሚያጥብ ትንሽ መጨመር፣ በበጋ አቧራ ደግሞ ዘይት የበዛበት ካቴና አሸዋ ስለሚሰበስብ መቀነስ ነው። ከሞተር የተቀዳ የተቃጠለ ዘይት ጠርሙሷ ውስጥ አትጨምሩ። ነጻ ይመስላል፤ ግን የብረት ብናኝና ጥላሸት ይዞ ነው የሚመጣው፣ ቀጭኑንም ቱቦ ይደፍናል።

የቱቦው ጫፍ የሚቀመጥበት ቦታ ከቁጥሩ አይተናነስም። የኋላውን ባለጥርስ ክብ እንደ ግድግዳ ሰዓት ብናስበው ጫፉ 6 ቁጥር አካባቢ፣ የክቡን ጎን ነካ አድርጎ መሆን አለበት። ዘይቱ ጎኑ ላይ ሲያርፍ ዙረቱ ራሱ ወደ ውጭ፣ ወደ ካቴናው ይገፋዋል። ባለፈው ወር ሞተሩ አንድ ጋራዥ ገብቶ ካቴናው ተወጠረ። ካቴና የሚወጠረው የኋላ ጎማ ወደ ኋላ ተስቦ ስለሆነ ክቡም አብሮ ይሄዳል፤ የቱቦው ጫፍ ግን ባለበት ይቀራል። መካኒኩ ይህን አላየም። ማታ ባለቤቴ ሲመጣ የጎማው ግራ ጠርዝ በዘይት ወዝቷል። የሞተር ጎማ ኩርባ ላይ የሚያርፈው በጠርዙ ነው። በማግስቱ ወስጄ ሳሳየው «እህቴ፣ ይሄ እኮ የእኔ ሥራ አይደለም» አለኝ። ምናልባት እውነቱን ነው፤ መሣሪያውን ከዚያ በፊት አይቶት አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ከጋራዥ ሲወጣ ጫፉንና ጎማውን የምናየው እዚያው በር ላይ ነው። ዘይት የነካውን ጎማ በሳሙናና በውሃ ሙልጭ አድርጎ ሳያጥቡ መንዳት የለም።

መሣሪያው ካቴናውን አይወጥርም፣ አይጠርግምም። መላላቱን በወር አንዴ መለካት የእናንተ ነው። ብዙዎቹ የአስፋልት ሞተሮች ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ላይና ወደ ታች እንዲወዛወዝ ይፈቅዳሉ፤ የእናንተውን መመሪያው ይነግራችኋል። ሲጠረግ በነጭ ጋዝና በለስላሳ ብሩሽ ነው፤ ቤንዚን በካቴናው መጋጠሚያዎች ውስጥ ግራሶ የያዙትን የጎማ ቀለበቶች ያበላሻል።

ቆጠራም ሆነ ጠረጋ ሲካሄድ ልጆች አጠገብ አይሁኑ። ሞተሩ እየሠራ ጨርቅ ይዞ ካቴና የሚጠርግ ሰው ጣቱን ከጥርሱ ጋር ያስይዛል፤ ጨርቁ ይጎተታል፣ እጅም ይከተላል። የእኛዋ የአምስት ዓመት ልጅ ጠብታ መቁጠር ስለወደደች በመስኮት እንድትቆጥር ተስማምተናል። እስካሁን ከእኔ ቁጥር ጋር ተስማምታ አታውቅም።