አጥር የሚቆመው ከመሬት በታች ነው

ሰው አጥር ሲያይ የሚመለከተው ከመሬት በላይ ያለውን ነው። ሽቦው ተወጥሮ፣ ቋሚው ተሰልፎ፣ ቀለሙ አብርቶ ያየ እንደ ሆነ «እንዴት ያለ ጥሩ አጥር ነው!» ብሎ ያልፋል። ከመሬት በታች ምን እንዳለ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኔም በዚህች አጭር ጽሑፍ ልናገር የፈለግሁት ስለዚሁ ስለማይታየው ክፍል ነው። አንባብያን «ስለ አጥር ብረት ደግሞ ምን የሚጻፍ አለ?» ብለው ገጹን ከመግለጣቸው በፊት እስከ መጨረሻው እንዲታገሡኝ እለምናለሁ፤ ነገሩ የብረት ብቻ ሳይሆን የፍርድም ነገር ነውና።

ሁላችሁም እንደምታስታውሱት፣ በ2017 ዓ.ም. በመስከረም መጨረሻ፣ ትምህርት ከተከፈተ ብዙም ሳይቆይ፣ ከአትክልቱ ቦታ በስተምሥራቅ ያለው የብረት አጥር ወደቀ። ዐሥራ አንድ ቋሚዎች ተንጋደዱ፤ ሽቦውም መሬት ላይ ተኛ። በዚያው ሌሊት የሰፈሩ ከብቶች ገብተው የግብርና ክበብ ልጆች ክረምቱን ሙሉ የደከሙበትን ጎመንና ካሮት ጨረሱት። በማግሥቱ አራት የ9ኛ ክፍል ልጆች «አጥሩ ላይ ተደግፋችሁ ጣላችሁት» ተብለው ወላጅ እንዲያመጡና ለማሠሪያ የሚሆን ገንዘብ እንዲከፍሉ ተደረገ። ልጆቹ መደገፋቸውን አልካዱም። እኔ ግን የምጠይቀው ይህን ነው፤ አራት ልጆች ስለ ተደገፉት የሚወድቅ አጥር ከመጀመሪያውስ ቆሞ ነበርን?

ይህን ለመናገር ከሌላው ሰው ይልቅ እኔ እቀርባለሁ፤ ጉድጓዱን ከቈፈሩት አንዱ እኔ ነበርሁና። አጥሩ በተሠራበት በ2014 ዓ.ም. በመጋቢት ወር የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። ለየክፍሉ ጉድጓድ ተመደበና «ስልሳ ሳንቲ ሜትር ቈፍሩ» ተባልን። የትምህርት ቤታችን መሬት መረሬ ነው፤ መረሬ ደግሞ በበጋ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ድጅኖው ሲወርድበት ይነጥር ነበር። ፀሐዩ በረታ፣ እጃችን ቈሰለ። ዐርባ ሳንቲ ሜትር ገደማ ስንደርስ እርስ በርሳችን ተያየንና «ይበቃል» ተባባልን። ማንም መጥቶ አልለካም። ብረቱ ገባ፣ ሲሚንቶ ፈሰሰበት፣ ቀለም ተቀባ። የወላጆች በዓል በደረሰ ጊዜም አጥሩ ተመሰገነ፤ ለእኛም ተጨበጨበልን። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለእኛ የተነገረ ይመስለኛል።

አጥሩ በወደቀ በሳምንቱ ከጓደኞቼ ጋር ሆነን አንዱን ቋሚ ከነሲሚንቶው አውጥተን ተመለከትነው። ዘበኛውም አባባ አብረውን ነበሩ። ቋሚው ለስላሳ ክብ ቱቦ ነው፤ ከታች ምንም ዐይነት እግር የለውም። ሲሚንቶው እኛ በቈፈርነው ጉድጓድ ልክ ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ሆኖ እንደ ካሮት ተቀርጿል። አባባ ሲሚንቶውን በዱላቸው ነካ ነካ አደረጉና «ልጄ፣ ድንኳን ስንተክል ሸራውን የሚይዘው ካስማው ነው፤ ሰርገኛው ግን የሚያየው ሸራውን ብቻ ነው» አሉኝ። እኔም አፍሬ ዝም አልሁ።

እንግዲህ አጥሩ ለምን እንደ ወደቀ እንመልከት። መረሬ፣ በአንዳንድ አገር ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር፣ ጠባዩ ከሌላው አፈር የተለየ ነው። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በሀገራችን ይህ ዐይነት አፈር የሸፈነው መሬት ከ12 ሚሊዮን ሄክታር እንደማያንስ ይገመታል፤ ስለዚህ ችግሩ የእኛ ትምህርት ቤት ብቻ አይደለም። አፈሩ ሲያብጥ በውስጡ ያለውን ነገር ይጨብጥና ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ሲደርቅ ደግሞ ከዙሪያው ሸሽቶ ይለቀዋል። ከላይ የሰፋ ሲሚንቶ ለዚህ ግፊት እጀታ ሆኖ ያገለግለዋል። ባለፈው ጥር ወር ገና ያልወደቁትን ቋሚዎች ብናይ በሲሚንቶውና በአፈሩ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት አገኘን። እንግዲህ አጥራችን የወደቀው በአንድ ቀን አይደለም፤ በየክረምቱ ትንሽ ትንሽ ሲነቀል ኖሮ ነው። አራቱ ልጆች የደረሱት በመጨረሻው ሰዓት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ጥልቀቱ ነው። ድጅኖ ትልቅ ድንጋይ የሚፈነቅለው ረጅም ስለ ሆነ ነው። የአጥር ቋሚም አናቱን ለሚገፋው ሰው እንደ ድጅኖ ይሆንለታል፤ ከመሬት በላይ ያለው ክንድ ረጅም፣ ከመሬት በታች ያለው አጭር ከሆነ የልጅ ጉልበት ይበቃዋል። ቤንግት ብሮምስ የተባለ ስዊድናዊ መሐንዲስ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. በመሬት ውስጥ የተተከለ ቋሚ የጎንን ግፊት የሚችልበትን ስሌት አሳትሟል። አሸዋማ ለሆነ አፈር በሰጠው ስሌት ብንሄድ፣ ከመሬት በላይ 1 ሜትር ከ50 ላይ የሚገፋ አጭር ቋሚ ጥልቀቱ ከ50 ወደ 75 ሳንቲ ሜትር ቢጨመር የሚችለው ግፊት 3 እጥፍ ይሆናል። ውፍረቱ በእጥፍ ቢጨመር ግን የሚያተርፈው 2 እጥፍ ብቻ ነው። መረሬ አሸዋ ስላልሆነ ቍጥሩ እንዳለ አይሠራበትም፤ ትምህርቱ ግን ለሁሉም ያው ነው፤ ብረት ከማወፈር ጥልቅ አድርጎ መትከል ይሻላል።

ወጪውንም እናስብ። 40 በ40 በ4 ሚሊ ሜትር የሆነ አንግል ብረት በሜትር 2 ኪሎ ከ420 ግራም ገደማ ይመዝናል። እንግዲህ ለአንድ ቋሚ 25 ሳንቲ ሜትር ለመጨመር የሚያስፈልገው ብረት 600 ግራም ያህል ነው። ለዚህች ስንሰስት ነው አጥር ሙሉ የምናጣው።

ስለማይታየው ክፍል ያሰበ አንድ ሰው ታሪክ እዚህ ላይ ባነሣ ደስ ይለኛል። አሌክሳንደር ሚቸል የሚባለው የአየርላንድ መሐንዲስ ገና በወጣትነቱ ዐይኑ ጠፋ። ይህ ዐይነ ስውር ሰው በ1833 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቈጣጠር፣ ከታች በኩል እንደ ብሎን የተጠመዘዘ ሰፊ ክንፍ ያለው የብረት ምሰሶ ፈልስፎ የባለመብትነት ማረጋገጫ አገኘ። ምሰሶው እየዞረ ወደ መሬት ይገባል፤ ክንፉ ከሥር ሆኖ ሸክሙንም ይሸከማል፣ እንዳይነቀልም ይይዛል። በ1838 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በቴምዝ ወንዝ መግቢያ፣ ማፕሊን በሚባለው አሸዋ ላይ ለመርከቦች መብራት የሚሆን ግንብ መሠረት በዚሁ ምሰሶ ተተከለ። ማዕበል በሚመታው አሸዋ ላይ መብራት ከቆመ፣ በእኛ መሬት ላይ አጥር የማይቆምበት ምክንያት የለም። በአሜሪካን አገር በእርሻ ቦታ የሚተከሉት የቲ ቅርጽ ያላቸው የብረት ቋሚዎችም ከታች ወገናቸው ጠፍጣፋ የብረት ክንፍ ተበይዶባቸው ይታያሉ። ዘዴው እንግዲህ የታወቀ ነው፤ የቀረው ልብ ማለት ብቻ ነው።

በእኔ አሳብ ለትምህርት ቤታችን የሚሆነው ቋሚ እንደሚከተለው ቢሠራ መልካም ነው።

አንደኛ፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ40 ይሁንና ሲሶው፣ ማለት 80 ሳንቲ ሜትሩ፣ ከመሬት በታች ይግባ። ጥልቅ አፈር እንደ ላይኛው ቶሎ ቶሎ አይረጥብም፣ አይደርቅምና።

ሁለተኛ፣ በብረቱ ጫፍ ላይ ሁለት አጫጭር ብረቶች በመስቀል ቅርጽ ተበይደው እግር ይሁኑት። በእግሩ ላይ አፈር ሲመለስና ሲጠቀጠቅ ቋሚውን ለመንቀል የሚፈልግ ሁሉ ያንን አፈር አብሮ ማንሣት አለበት። ከመሬት ገጽ ዝቅ ብሎ ደግሞ ከላሜራ የተቈረጠ ክንፍ በቁሙ ይበየድበት፤ ገጹም አጥሩ ወደሚገፋበት ወገን ይዙር።

ሦስተኛ፣ ሲሚንቶ የሚፈስ ከሆነ ጉድጓዱ ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ብሎ ይቈፈር። አፉም እንደ ሳሕን ጐድጕዶ ውሃ እንዳይዝ ወደ ውጭ ተዳፍኖ ይለስለስ። ብረት ፈጥኖ የሚዝገው አየርና እርጥበት በሚገናኙበት በመሬቱ ገጽ አጠገብ ነውና ፀረ ዝገት ቀለሙም ከሁሉ ይልቅ በዚያ ቦታ ይደጋገም።

አራተኛ፣ የማዕዘን ቋሚዎች ለብቻቸው ይታሰቡ። በመካከል ያለውን ቋሚ ሽቦው ከግራም ከቀኝም ስለሚስበው ይመዛዘናል፤ የማዕዘኑ ግን የሽቦዎቹን ውጥረት ሁሉ ብቻውን ይሸከማል። ስለዚህ ከሌላው የጠለቀና በሰያፍ ብረት የተደገፈ መሆን አለበት። ማዕዘኑ ከላላ ሽቦው ይላላል፤ ሽቦው ከላላም አጥር የለም።

አንዳንዶች «ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል? ሲሚንቶ ጨምረን እንትከለው» ይላሉ። ለእነዚህ መልሴ ያው ካሮት የመሰለው ሲሚንቶ ነው፤ ቅርጹ ከተበላሸ ቢበዛም የሚጠቅመው አፈሩን ነው። ሌሎች ደግሞ «ቅንጭብና አጋም ብንተክል ብረት ባላስፈለገንም ነበር» ይላሉ። ይህ ደግ አሳብ ነው፤ እኔም አልቃወመውም። ነገር ግን ሕያው አጥር እስኪያድግ ዓመታት ይፈልጋል፤ እስከዚያው ችግኙን ራሱን ከከብት የሚጠብቀው ምንድን ነው? ብረቱ ለዛሬ፣ ተክሉ ለነገ ቢሆን ሁለቱም በቦታቸው ይጠቅማሉ። እንጨት ይሻላል የሚሉም አሉ፤ የምስጡን ነገር ግን ከእኔ ይልቅ የሰፈሩ ሰዎች ያውቁታል።

የወላጆችና የመምህራን ኅብረት አዲሱን አጥር በመጪው ጥቅምት ለማሠራት እንዳሰበ ሰምተናል። አሳቡ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት አንድ ነገር እንዲፈቀድልን በትሕትና እጠይቃለሁ። ክረምቱ ሳይገባ ሦስት ቋሚዎች በዚሁ መሬት ላይ ይተከሉ፤ አንዱ እንደ ቀድሞው በ40 ሳንቲ ሜትር፣ ሁለተኛው ያለ እግር በ80፣ ሦስተኛው ከእግርና ከክንፍ ጋር በ80። መስከረም ሲጠባ በእያንዳንዱ አናት ላይ ገመድ ታስሮ፣ ገመዱም በትልቁ ዛፍ ላይ በሚሰቀል መዘውር ተላልፎ፣ በጫፉ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይንጠልጠል። የሞላ ጀሪካን ውሃው ብቻ 20 ኪሎ ነው። ሁለት፣ ሦስት ጀሪካን እየተጨመረ የቋሚው አናት ስንት እንደ ዘመመ በማስመሪያ ይለካ፤ በጥርም አፈሩ ሲሰነጠቅ እንደ ገና ይለካ። የመስከረሙ ልክ አጥሩን ለሚያሠሩት ይደርሳቸዋል፤ የጥሩ ደግሞ ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ትምህርት ይሆናል። ወጪው የሦስት ብረትና የአንድ ገመድ ነው። የፊዚክስ ክበብ ልጆች ይህን ሥራ በደስታ እንደሚቀበሉት አምናለሁ።

ደግሞም አዲሱ ጉድጓድ ሲቈፈር አንድ ሰው ልኬት ይዞ በእያንዳንዱ አፍ ላይ ይቁም። ያልተለካ ጉድጓድ ሲሚንቶ አይፍሰስበት። ቈፋሪው ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ እጁ የቈሰለ ልጅ ዐርባውን ስልሳ ነው ማለቱ አይቀርምና ነው። እኔ ራሴ ብዬዋለሁ።

በመጨረሻም ወደ አራቱ ልጆች ልመለስ። ወላጆቻቸው የከፈሉት ገንዘብ እንዲመለስላቸው እለምናለሁ። ጉድለቱ የጋራችን ከሆነ ዕዳውም የጋራችን ነው፤ በ2014 ዓ.ም. ከቈፈርነው መካከል ዛሬ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የሆንን ብዙዎች ነን። እኔ የድርሻዬን አስቀድሜ ለክፍል አለቃችን ሰጥቻለሁ። ጓደኞቼም ከትምህርት ቤቱ ከመውጣታችን በፊት እንዲሁ እንደሚያደርጉ ተስፋ አለኝ፤ የማይታየውን ክፍል ሳንጨርስ ሄድን እንዳይባል።