የዘበኛው ደመወዝ



አንድ የቤተ ሰብ አባት እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፤ «ልጄ የጸረ ቫይረሱ ፕሮግራም የ30 ቀን ሙከራ ባለቀ ቍጥር ቀኑን ወደ መጀመሪያው የሚመልስ መሣሪያ ከኢንተርኔት አግኝቷል። ይህ ብልኅነት ነው ወይስ ጥፋት?» መልሱ ለብዙ ቤት የሚጠቅም ስለ ሆነ በዚህ ዐምድ ላቀርበው ወደድሁ።

ቀድሞ ፕሮግራሙ የሙከራውን መነሻ ቀን የሚጽፈው በዚያው ኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ ስለ ነበር፥ ጽሑፉን የፋቀ ሰው ሙከራውን እንደ አዲስ ያስጀምር ነበር። ሠሪዎቹም ይህን ባዩ ጊዜ ምልክቱን በልዩ ልዩ ስፍራ ሸሸጉት፤ ፋይሎቹንም ሌላ ፕሮግራም እንዳይነካቸው አጠሩ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን መዝገቡን ወደ ራሳቸው ቤት መውሰዳቸው ነው። ጸረ ቫይረስ እንደ መጽሐፍ አንድ ጊዜ ተገዝቶ የሚያበቃ አይደለም፤ አዲስ የሚወጣውን ቫይረስ ለይቶ ያውቅ ዘንድ በየዕለቱ ከሠሪው ሰርቨር መረጃ ይቀበላል። ዋጋውም የሚከፈለው እንደ ዘበኛ ደመወዝ ለዚህ የዕለት ጥበቃ ነው። መረጃውን ሊቀበል በቀረበ ጊዜ የፈቃዱን ቍልፍ ያሳያል፤ ቍልፉም ከተፈቀደው በላይ ተባዝቶ ቢገኝ ሠሪው ሊሽረው ይችላል።

ለምሳሌ፥ በ2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የፕራጉ አቫስት ኩባንያ በአሜሪካ በአሪዞና ላለ አንድ ትንሽ ድርጅት የ14 ሰው ፈቃድ ሸጠ። ቍልፉ ወጥቶ በኢንተርኔት ተበተነ፤ በ2010 መጨረሻም ከ200 በሚበልጡ አገሮች 774,651 ተጠቃሚዎች ሲሠሩበት ተገኘ። ተሰውረናል ያሉት ሁሉ አንድ በአንድ ተቈጥረው ነበር። ኩባንያውም ወደ ነጻው ወይም ወደሚከፈልበት ሕጋዊ ፕሮግራም እንዲዛወሩ በየኮምፒዩተራቸው ማስታወቂያ አወጣላቸው።

ነገር ግን ከመያዝ የሚከፋ ጕዳት አለ። እንዲህ ያለው መሣሪያ ብዙ ጊዜ «አስቀድመህ ጸረ ቫይረሱን አጥፋ፥ ለእኔም ሙሉ ሥልጣን ስጥ» ይላል። ይህ ዘበኛውን አሰናብቶ የቤቱን ቍልፍ ለማያውቁት እንግዳ ማስረከብ ነው። የይለፍ ቃል የሚሰርቁ ፕሮግራሞች በዚህ በር የሚገቡበት ጊዜ ብዙ ነው።

የገንዘብ እጥረትም ምክንያት አይሆንም፤ በዊንዶውስ 10ም ሆነ በ11 ውስጥ ማይክሮሶፍት ዲፌንደር የተባለው ጠባቂ ያለ ተጨማሪ ዋጋ ይገኛል። እንግዲህ፥ አባት ሆይ፥ ልጅዎን በቍጣ አይመልሱት። አብራችሁ ተቀመጡና ያን መሣሪያ አስወግዱ፤ ኮምፒዩተሩን በሙሉ አስመርምሩ፤ ከዚያም የይለፍ ቃላችሁን ሁሉ ለውጡ። ብልኅነቱን ቤቱን ለመጠበቅ ያውለው።