የጎረቤትን ኩርድ ማስታጠቅ፣ የራስን ኩርድ መፍጀት

በሙስሊሙ ዓለም መከራ በደረሰ ቁጥር «የጠላት ሴራ ነው» ብሎ ነገሩን መዝጋት ተለምዷል። ሴራ መኖሩን አንክድም። የኦቶማን ኩርዶችን ለቱርክ፣ ለኢራቅና ለሶሪያ ያከፋፈለው ድንበር የእንግሊዝና የፈረንሳይ እጅ አለበት። ከዚያ ወዲህ ለተፈጸመው ግፍስ ማን ይጠየቅ?

የኢራንና የኢራቅን ጦርነት እንመልከት። የኢራኑ ሻህ በባግዳድ ላይ ያመፁትን የሙላ ሙስጠፋ ባርዛኒ ተዋጊዎች ያስታጥቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 1975 ሻሁና ሳዳም ሁሴን አልጀርስ ላይ ተዋዋሉ። ኢራን በሻት አል-ዐረብ ወንዝ የፈለገችውን ድንበር አገኘች፤ ሻሁም ኩርዶቹን እርግፍ አድርጎ ተዋቸው። አመፁ በሳምንታት ውስጥ ፈረሰ። በሴፕቴምበር 1980 ሳዳም ውሉን ሽሮ ኢራንን ወረረ።

ጦርነቱ ስምንት ዓመት ሲዘልቅ ኢራን የራሷን ኩርዶች እየወጋች የኢራቅን ኩርዶች አስታጠቀች። ኢራቅም የራሷን እየፈጀች የኢራንን ደገፈች። ቱርክ በ1983 በኢራቅ ፈቃድ ድንበር ተሻግራ ኩርድ ታጣቂዎችን መታች። በ1962 ቆጠራ ከ100,000 የሚበልጡ ኩርዶቿን ዜግነት የነፈገችው ሶሪያ ደግሞ የቱርክን ኩርድ አማፅያን መሪ አስጠለለች። ለሁሉም የጎረቤት ኩርድ መሣሪያ፣ የራስ ኩርድ ከሃዲ ነበር።

ውጤቱ ሐለብጃ ላይ ታየ። የኢራን ጦርና ኩርድ ተዋጊዎች ከተማዋን በያዙ ማግስት፣ ማርች 16 ቀን 1988፣ የሳዳም አውሮፕላኖች መርዝ ጋዝ ጣሉባት። ወደ 5,000 የሚጠጋ ሕዝብ፣ እናት ከነልጇ አለቀ። «ኩርዶቹ ከጠላት ጋር አብረው የለ?» የሚል ይኖራል። የታጣቂ ጥፋት ሕፃን በጋዝ ለመግደል ምክንያት ይሆናልን? በዚያው ዓመት በኩርድ መንደሮች ላይ የተካሄደው የጥፋት ዘመቻ ደግሞ «አንፋል» ተባለ። የቅዱስ ቁርኣን ስምንተኛ ሱራ ስም ሙስሊሞችን ለመፍጃ ዋለ! ከዚህ የበለጠ ድፍረት ምን አለ?

በኦገስት 1990 ሳዳም ኩዌትን በወረረ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያንኑ የ1975 ውል መልሶ ተቀበለ። ስምንት ዓመት ደም የፈሰሰበት ድንበር ወደ ነበረበት ተመለሰ።

ውድ አንባብያን! ሶላሁዲን አል-አዩቢ ኩርድ እንደነበር ለልጆቻችን በኩራት እንነግራለን። የሐለብጃንም እንንገራቸው። ግፍ ባዕድ ሲሠራው ብቻ የምንጮህ ከሆነ ጩኸታችን ለወገን እንጂ ለፍትሕ አይደለም። አላህ በዳይን ስሙ ሙስሊም ስለሆነ ብቻ አያልፈውም። እኛም ልናልፈው አይገባም።