የአርባ ቀን ልጅና አንዲት የደም ጠብታ

በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያናችን ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀኑ ይጠመቃል፣ ሴት ልጅም በ80 ቀኗ ትጠመቃለች፤ እናትም ከአራስ ቤት ወጥታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፍሬ ከርሥዋን አቅፋ ወደ ቤተ መቅደስ የምትገሰግስባት ያች ማለዳ በመቐለ በማናቸውም ሰፈር የእልልታ ማለዳ ናት። የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደሟ ላለ እናት ግን በዚያው ሰሞን፣ ሕፃኑ 6 ሳምንት ሲሞላው፣ የምትረግጠው ሌላ ደጅ አለ፤ በዚያም ከሕፃኑ ተረከዝ ጥቂት ደም በወረቀት ላይ ይንጠባጠብና ደርቆ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ደጅ ለመጻፍ ያነሣሣኝ፣ በአምስት ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በጦርነት፣ አንዴም በሩቅ ሀገር በተጻፈ ትእዛዝ፣ መናወጡ ነው።

ነገሩ ከመሠረቱ ሲመረመር፣ ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ የሚሻገረው በማኅፀን፣ በምጥ ሰዓትና በጡት ነው። ምንም ካልተደረገ ከ100 ሕፃናት ከ15 እስከ 45 የሚደርሱት ይያዛሉ፤ ከተያዙትም መካከል ሕክምና ያላገኙት እኩሌቶቹ ሁለተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይቀጫሉ። እናት መድኃኒቷን ሳታጓድል ከወሰደች ግን ይህ ቁጥር፣ ጡቷን እያጠባችም ቢሆን፣ ከ100 ከ5 በታች ይወርዳል። እዚህ ለመድረስ የፈጀው ዘመንም ረጅም አይደለም፤ በ1991 ዓ.ም. በኡጋንዳ የተደረገ ጥናት ለምጥ ላይ ላለች እናትና ለአራስ ልጇ አንድ አንድ ጊዜ የሚሰጠው ኔቪራፒን መተላለፉን በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ ሲገልጥ ዓለም ተደንቆ ነበር፤ በጥር 1997 ዓ.ም. ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በሀገራችን በነፃ ይታደል ጀመር፤ ከ2005 ዓ.ም. ወዲህም ነፍሰ ጡር ሴት ቫይረሱ እንዳለባት እንደ ታወቀ መድኃኒቱን ጀምራ ዕድሜዋን በሙሉ እንድትወስድ ተወሰነ። ዛሬ ሦስት መድኃኒቶች በአንዲት ክኒን ተጠቃልለው በቀን አንድ ጊዜ ይዋጣሉ።

ጸበልና ክኒን ይጣላሉ ብለው መድኃኒታቸውን የጣሉ ብዙዎች እንደ ነበሩ አንዘነጋም። የዐድዋው ተወላጅ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ምእመናን ሁለቱንም አብረው እንዲወስዱ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን በአደባባይ ሲያስተምሩ፣ ስንት እናት ከነልጇ ከሞት እንደ መለሱ ቈጥሮ የሚደርስበት የለም።

እንግዲህ ዕውቀቱ ተገኝቶ፣ መድኃኒቱ ተገኝቶ፣ የአባቶችም ቃል ተጨምሮበት ሳለ ነው በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት የተነሣው። የድንበር የለሽ ሐኪሞች ማኅበር ከታኅሣሥ እስከ የካቲት በትግራይ ከጐበኛቸው 106 የጤና ተቋማት ውስጥ እንደ ወትሮው ሲሠሩ ያገኛቸው ከ100 እጅ 13ቱ ብቻ ነበሩ፤ 70 እጅ የሚጠጉትም ተዘርፈው ነበር። ቀጥሎም መንገዱ፣ ስልኩና ባንኩ ሲዘጋ፣ የመቐለው ዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞች መድኃኒት ማለቁን ደጋግመው ለዓለም አሰሙ፤ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ጥር 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በአውሮፕላን ወደ መቐለ ያደረሰው የሕክምና ዕርዳታ ከመስከረም ወዲህ ለኮሚቴው የመጀመሪያው ነበር።

በዚያ ወራት መድኃኒቷ ያለቀባትን የምታጠባ እናት አስቧት። ክኒኑ ከተቋረጠ ቫይረሱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተመልሶ በደሟ ይበዛል፤ በጡቷም ወተት ይገኛል። ጡቷን እንዳትከለክል፣ የዱቄት ወተት በገበያ የለም፣ ቢኖርም ገንዘቧ በተዘጋ ባንክ ውስጥ ነው፤ ንጹሕ ውኃውም፣ ማፍያ ማገዶውም አይገኝም። ከ6 ወር በፊት ከጡት ጋር ሌላ ምግብ ማደባለቅ ደግሞ ለቫይረሱ መሻገሪያውን እንደሚያሰፋ በክትትሏ ጊዜ ተምራለች። ስለዚህ የምታደርገውን እያወቀች ታጠባለች፤ ረሃቡ ዛሬ ይገድላልና፣ ቫይረሱ ግን ቀን ይሰጣልና። ይህን ምርጫ አንዲት እናት ፊት ማቅረብ ራሱ ግፍ ነው፤ ከጥይቱ ባላነሰ ሊቈጠርና ሊመዘገብ ይገባዋል እላለሁ። የተደፈሩትን እኅቶቻችንንም አልረሳሁም፤ መከላከያው ክኒን በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ሲገባው፣ የሚሰጥ ጤና ጣቢያ ያጡት ብዙዎች ነበሩ። ከእነርሱም ነፍሰ ጡር ወይም አጥቢ የነበረችው፣ በመጀመሪያ ምርመራዋ ነፃ ተብላ የተመዘገበችውን ጨምሮ፣ ዳግመኛ መመርመር ነበረባት፤ አዲስ የገባ ቫይረስ በደም ውስጥ እጅግ ስለሚበዛ ለልጅ የሚያሰጋው ይልቁን ያን ጊዜ ነውና።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ጦርነቱን የሚያቆመው ስምምነት ተፈርሞ መድኃኒቱ ቀስ በቀስ ተመለሰ። በ2017 ዓ.ም. የጥምቀት ማግሥት ደግሞ፣ ጥር 12 ቀን፣ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የውጭ ዕርዳታን ለ90 ቀን የሚያግድ ትእዛዝ ፈረሙ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ፔፕፋር የተባለው የአሜሪካ ዕርዳታ የኤች አይ ቪ ሕክምናን በብዙ ደግፎት ነበርና፣ ድንጋጤው መቐለም ደረሰ። ከጥቂት ቀን በኋላ ከእናት ወደ ልጅ መተላለፍን የሚከላከለው መድኃኒት ከእገዳው እንዲወጣ ተፈቀደ፤ ነገር ግን ጤና ሚኒስቴር በዚሁ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩትን 5000 ያህል ሠራተኞች ውል አቋርጦ ነበር። ክኒን በመደርደሪያ ላይ ስለ ተቀመጠ ብቻ ወደ እናት አፍ አይገባም፤ የቀጠሮ ቀኗን መዝግቦ የቀረችውን በስልክ የሚፈልግ፣ የሕፃኑን የደም ወረቀት ልኮ ውጤቱን የሚያስመልስ፣ አዲሲቱን እናት «እኔም እንደ አንቺ ነበርኩ፣ ልጄ ነፃ ነው» የምትል ሴት ያስፈልጋሉ።

የፌዴራሉም ሆነ የትግራይ አስተዳደር ሹማምንት ይህን ሥራ ከለጋሽ እጅ አውጥተው ሐምሌ 1 ቀን በሚጀምረው በራሳቸው በጀት ውስጥ፣ ከደመወዝ ቀጥሎ በማይነካ መስመር፣ እንዲያኖሩት እለምናለሁ፤ የሀገር ሀብት ከተጐዳ በኋላ ይህ ከባድ ሸክም መሆኑን ባውቅም፣ የሕፃን ሕይወት በሌላ ሕዝብ ምርጫ ላይ ተንጠልጥሎ መኖሩ ከዚያ ይከብዳል። ባሎችም አብረው ይመርመሩ፤ ክኒኗን በጤፍ ጆንያ ውስጥ የምትደብቅ ሚስት የምትፈራው ቫይረሱን ሳይሆን ባሏን ነው።

የዚህ ሥራ ሪፖርትም ስንት ነፍሰ ጡር ተመረመረች በሚል ቁጥር አይደምደም። ምርመራው የሚጠናቀቀው ጡት ከቆመ በኋላ፣ ሕፃኑ 18 ወር ሲሞላው ነው፤ በዓይደርም፣ በኲሓም፣ በሰብዓ ካሬ የተፈናቃዮች መጠለያም ላሉት እናቶች መዝገቡ እስከዚያ ቀን ድረስ ክፍት ይቆይ። ያን ጊዜ ልጁ ታቅፎ አይመጣም፤ የእናቱን ቀሚስ ይዞ፣ በገዛ እግሩ፣ በዚያው ደጅ ይገባል።