የጤና ጣቢያ ደጃፍ መድረስ ብቻውን ሕፃናትን አይታደግም

በ1992 ዓ.ም. በተካሄደው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በሕይወት ከሚወለዱ 1 ሺህ ሕፃናት 97ቱ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 48 ወርዷል። አንዲት እናት በአማካይ የምትወልዳቸው ልጆች ቁጥርም ከ5.5 ወደ 4.6 ቀንሷል፤ በገጠር ግን 5.2፣ በከተማ 2.3 ነበር።

በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ድርሻ በ2008 ዓ.ም. ከነበረበት 26 በመቶ፣ በ2011 ዓ.ም. ወደ 48 በመቶ አድጓል። ይሁን እንጂ በተወለዱ በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ጨቅላ ሕፃናት በ2008 ዓ.ም. ከ1 ሺህ 29፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 33 ሆነው ተመዝግበዋል። በናሙና ጥናት ይህን ያህል ልዩነት ሞቱ ጨምሯል ባያሰኝም፣ ቀንሷል ለማለትም አያስችልም።

የእነዚህ ሞቶች ዋና መንስኤዎች ያለጊዜ መወለድ፣ በምጥ ወቅት መታፈንና ኢንፌክሽን ናቸው። እነርሱን ለመቋቋም የሠለጠነ አዋላጅ፣ ንጹሕ ውኃ፣ መብራትና ኦክስጅን ያስፈልጋሉ። አርሶ አደሩ ምጥ የያዛትን እናት በቃሬዛ ተሸክሞ ሲያደርስ የበኩሉን ተወጥቷል፤ ቀሪው የጤና ተቋሙና በጀት የሚመድበው አካል ኃላፊነት ነው። ስለዚህ በወረዳ ሪፖርቶች ስንት እናቶች መጥተው እንደወለዱ ብቻ ሳይሆን፣ ስንት ጨቅላዎች የመጀመሪያውን ወር በሕይወት እንደተሻገሩም ሊቆጠር ይገባል።