ዲፈረንሻሉን ተዉትና ጎማውን እዩት

ክረምት በመጣ ቁጥር (ክረምት ስል የዴንቨሩን ነው፤ የተጠበሰ በቆሎ ያለበትን የአገር ቤቱን ሐምሌ አይደለም) እዚህ ኦሮራ ውስጥ ሐበሻ በሚሰበሰብበት ካፌ ሁሉ አንድ ክርክር ይነሳል። በፊት ጎማ የሚጎተት መኪና፣ ማለትም አብዛኞቻችን የምንነዳው ዓይነት፣ “ሊሚትድ ስሊፕ” የሚባለው ዲፈረንሻል ቢገባለት በረዶ ላይ ይሻለዋል ወይ? አንዱ ይምላል፣ ሌላው ይስቃል፣ ቡናው ይቀዘቅዛል።

የኔን ከወዲሁ ልናገር። ይጠቅማል፤ የሚጠቅመው ግን ለመነሳት ነው። በረዶ ላይ ሰው የሚጎዳው ደግሞ መኪናው አልነሳ ብሎት ሳይሆን አልቆም ብሎት ነው።

መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። ዲፈረንሻል የተፈጠረው ሁለቱ በየራሳቸው ፍጥነት እንዲዞሩ ነው። ተራው ዲፈረንሻል ታዲያ ለሁለቱም ጎማ እኩል ጉልበት ያካፍላል። እኩልነት መቼም ደግ ነገር ነው፣ እዚህ ላይ ግን መዘዝ አለው። የቀኙ ጎማ ግግር በረዶ ላይ ካረፈ እሱን ለማሽከርከር የሚበቃው ጉልበት ኢምንት ነው። ስለዚህ ደረቅ አስፋልት ለረገጠው ለግራውም የሚደርሰው ያችው ኢምንት ናት። ቀኙ ባዶውን ይሽከረከራል፣ ግራው ቆሞ ያያል። አገር ቤት ጭቃ ውስጥ መኪና የገፋ ሰው ይህን ትርኢት ያውቀዋል። ልብሱም ያውቀዋል።

ሊሚትድ ስሊፕ ይህን ልዩነት ይገድባል፤ ከሚንሸራተተው ጎማ ይልቅ መሬት ለያዘው ጉልበት ያደላል። ነገር ግን ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። በፊት ጎማ ለሚጎተቱ መኪኖች ብዙ ጊዜ የሚገባው በጥርስ ብቻ የሚሠራው ነው። እሱ የሚያደርገው የደካማውን ጎማ ጉልበት አባዝቶ ለጠንካራው መስጠት ነው። ደካማው ምንም ካልያዘ ግን ዜሮ በምንም ቢባዛ ያው ዜሮ ነው። የሚያውቁ ሾፌሮች በዚህ ጊዜ ቤንዚኑን እየረገጡ ፍሬኑን ቀስ አድርገው ይነኩታል፤ ፍሬኑ ለሚሽከረከረው ጎማ ትንሽ ሸክም ይፈጥርለትና ዲፈረንሻሉ የሚያባዛው ነገር ያገኛል።

ይህ ዕቃ ወደነዚህ መኪኖች የመጣው ለበረዶ ተብሎም አይደለም። እ.ኤ.አ. የ1991ዱ ኒሳን ሴንትራ ኤስ ኢ አር ነበረው፣ የ1997ቱ አኩራ ኢንቴግራ ታይፕ አር ነበረው፣ የ2006ቱ ሆንዳ ሲቪክ ኤስ አይም ነበረው። ሁሉም ከኩርባ ሲወጡ ቤንዚን መርገጥ ለሚወዱ ሰዎች የተሠሩ ናቸው።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ የሚሸጡ የቤት መኪኖች መኪና እንዳይሽከረከር የሚቆጣጠረውን ኢ ኤስ ሲ እንዲይዙ ሕግ ያስገድዳል። ከእሱ ጋር ብዙ ጊዜ ትራክሽን ኮንትሮል አብሮ ይመጣል። ትራክሽን ኮንትሮል የሚሽከረከረውን ጎማ ራሱ በፍሬን ይይዘዋል፤ ያ ሾፌር በእግሩ የሚሠራውን ብልሃት በኮምፒውተር ይሠራዋል ማለት ነው። ስለዚህ ልትገዙት ያሰባችሁት ነገር ከፊሉ መኪናችሁ ውስጥ አለ። (ጥልቅ በረዶ ውስጥ ከተያዛችሁ ግን የሞተሩን ጉልበት ስለሚቀንሰው ለጊዜው አጥፍታችሁ መኪናውን ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ ይሻላል።)

ካፌ ውስጥ ማንም የማያነሳው ግን ይኸኛው ነው። በፊት ጎማ በሚጎተት መኪና ጉልበት የሚያወጡትም መሪ የሚታዘዙትም እነዚያው ሁለት ጎማዎች ናቸው። በተራው ዲፈረንሻል አንዱ ሲሽከረከር ሌላው ቢያንስ ወደ ጎን መሬት ይዞ ይቆያል። ሊሚትድ ስሊፕ ካለና መንገዱ በሙሉ በረዶ ከሆነ፣ ቤንዚን ሲበዛ ሁለቱም አብረው ሊሽከረከሩ ይችላሉ። ያኔ መሪውን ብትጠመዝዙትም መኪናው ቀጥታ ይሄዳል። ቀጥታ ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሰው መኪና ነው።

የአክስቴ ልጅ ኤርፖርት የሚመላለስ ሾፌር ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ጋራዥ ይህንኑ ዲፈረንሻል እንዲያስገባ መከረው። ካምቢዮው ወርዶ፣ ተፈቶ፣ ተገጥሞ፣ ከእጅ ዋጋው ጋር ከሺ ዶላር በላይ ነው። “አንቺ ጋዜጠኛዋ፣ ምን ትያለሽ?” አለኝ። ወጥቼ ጎማዎቹን አየኋቸው፤ እንደ ራሱ አናት ተመልጠዋል። “ጋሼ፣ ዲፈረንሻሉ ፍሬን ስትይዝ ምን ያደርግልሃል?” ብዬ ጠየቅሁት። ዝም አለ። ምንም አያደርግለትማ! መኪና የሚያቆሙት አራቱ ጎማዎች ናቸው።

የበጋ ጎማ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ይደርቃል፣ አስፋልቱንም በደንብ አይዝም። የክረምት ጎማ ከተለየ ጎማ ስለሚሠራ በብርድም ለስላሳ ሆኖ ይቆያል፤ ፊቱ ላይ ያሉት ቀጫጭን ስንጥቆችም በረዶውን ይነክሱታል። መለያው ጎኑ ላይ የታተመው ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና በውስጡ ያለው የበረዶ ቅንጣት ነው። አራቱ ለተራ የቤት መኪና ብዙ ጊዜ ከሺ ዶላር በታች ይገኛሉ፤ እነሱ ሲሠሩ የበጋዎቹ ስለሚያርፉ ወጪው በከፊል ይመለሳል። አራቱን ነው ያልኩት። ብር ለመቆጠብ ለፊት ብቻ ሁለት የሚገዛ ሰው የመኪናውን ኋላ ለበረዶው ትቶታል፤ ኩርባ ላይ ኋላው ፊቱን ልቅደም ይለዋል።

ሕግ አውጪዎቹም የተስማሙት ጎማ ላይ ነው። ኬቤክ ከ2008 ጀምሮ የክረምት ጎማን ግዴታ አድርጋለች። የኛው ኮሎራዶ ደግሞ በ2019 ባወጣችው ሕግ በአይ 70 አውራ ጎዳና ላይ፣ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ፣ ከመስከረም እስከ ግንቦት ባሉት የፈረንጆቹ ወራት ለበረዶ የተፈቀደ ጎማ ወይም ሰንሰለት ትጠይቃለች። የጎማው ጥርስ ጥልቀትም የኢንች 3/16፣ ወደ 5 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ መሆን አለበት። ባለ አራት ጎማ ጉልበት መኪናም ቢሆን ከጥልቀቱ አያመልጥም። ዲፈረንሻላችሁን ግን ማንም አይጠይቃችሁም።

አሮጌ ኢንቴግራ ታይፕ አር ያላችሁ፣ ዲፈረንሻሉን አታውጡት። ቆንጆ ዕቃ ነው፤ ዳገት ላይ፣ አንድ ጎማችሁ ጠራጊው መኪና የከመረው በረዶ ላይ ቆሞ እንደሆነ ታመሰግኑታላችሁ። ሌሎቻችሁ ግን የጥርስ ጥልቀት መለኪያ በጥቂት ዶላር ይሸጣል። ዛሬ ማታ ገዝታችሁ ለኩ።